ለአሮጌ መኪና ስለሚስማማው የመሪ ዘይት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ በተጠየቅሁ ጊዜ ርእሱን የመምረጡ መብት ለእኔ የተተወ ነበር። ከወዳጆቼ አንዱ ስለ ግድቦች፣ ሌላው ስለ ኤሌክትሪክ መኪናዎች ብናገር ለጉባኤው የሚመጥን እንደሚሆን መከሩኝ። ምክራቸው መልካም ነበር። እኔ ግን የመረጥሁት ከአንድ ሊትር ብዙም ስለማይበልጥ ፈሳሽ መናገርን ነው፤ ይኸውም በመኪና ኮፋኖ ሥር፣ በአንዲት ትንሽ ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ መሪውን ለሾፌሩ ክንድ ስለሚያቀልለው ዘይት ነው። ከእናንተ መካከል ይህ የመካኒክ ጉዳይ እንጂ የመሐንዲስ ጉዳይ አይደለም የሚል ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኔም እንዲሁ እል ነበርና።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪናዎችን ወደ አገር የማስገባቱን ዋጋ እጅግ አክብዶታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ተወሰነ። የውሳኔዎቹን መልካምነትና ጉድለት ለሌላ ቀን እንተወው። ለዛሬው ነገራችን የሚያስፈልገው ውጤታቸው ብቻ ነው፤ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪናዎች ገና ለብዙ ዓመታት ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ ዓመት የሞላቸው ተሽከርካሪዎች ቤተሰብ ይዘው በየሸለቆው ይወርዳሉ፣ በየተራራው ይወጣሉ። ሲሠሩ የነበረው የአገልግሎት መጽሐፍ ግን ከአራተኛው ወይም ከአምስተኛው ባለቤት ጋር ጠፍቷል።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ልናገር። ነገሩ የሆነው በ2006 ዓ.ም. ነው። አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የተሠራች፣ ባለሙያዎች 123 እያሉ የሚጠሯት ነጭ መርሴዲስ ነበረቻቸው። እኔ በመካኒካል ምሕንድስና ከተመረቅሁ ሁለት ዓመቴ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጧት አባቴ፣ «ይህች መኪና መሪዋ ሲዞር እንደ ታመመ ሰው ታቃስታለች፤ መሐንዲስ ካስተማርን እስቲ እይልን» አሉኝ። ኮፋኖውን ብከፍት የመሪው ዘይት ከምልክቱ በታች ወርዷል። የቀረውም ጠቁሮ ከምን ወገን እንደ ሆነ አይታወቅም ነበር። በዕቃ ቤቱ መደርደሪያ ላይ የተጀመረ አንድ ቆርቆሮ የፍሬን ዘይት ነበር። «ሁለቱም ግፊት የሚያስተላልፉ ፈሳሾች አይደሉምን?» አልሁና በፓስካል ሕግ ተማምኜ እስከ ምልክቱ ሞላሁት። ማቃሰቱ ጥቂት ጋብ አለ። አባቴም ለጎረቤቱ ሁሉ ልጃቸው ያስተካከለላቸው መሆኑን ተናገሩ።

አምስት ሳምንት እንዳለፈ አንድ ዘመዳችን ዐርፈው ለለቅሶ ወደ ጎጃም ተነሣን። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን መንገድ የማያውቅ ከመካከላችሁ ያለ አይመስለኝም፤ ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ አንዱ ጠምዛዛ ሳያልቅ ሌላው የሚጀምርበት የዓባይ ሸለቆ መንገድ ነው። መሪውን የያዙት አባቴ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው 67 ዓመት ነው። ከኋላ እናቴና አክስቴ ተቀምጠዋል። ቁልቁለቱን አጋምሰን አንዱን ጠባብ ኩርባ ስንታጠፍ መሪው በአንድ ጊዜ ከበደ። አባቴ በሁለት እጃቸው ቢጎትቱት አልታጠፍ አላቸውና «ያዝልኝ!» ብለው ጮኹ። ከጎን ሆኜ እኔም ያዝሁት፤ ሁለታችን ተጋግዘን ስናዞረው መኪናዋ የመንገዱን ዳር የድንጋይ ግንብ በቀኝ ጎኗ ፈግፍጋ ቆመች። ከግንቡ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ። እናቴ የሥላሴን ስም ከመጥራት በቀር ቃል አልወጣቸውም። ኮፋኖውን ስከፍት የመሪው ዘይት ዕቃ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል፤ የቀረችው ጥቂት ፈሳሽ አረፋ ሆናለች፤ የፖምፓው ሥር ሁሉ ረጥቧል።

በዚህ ቦታ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አይገባኝም። በእንዲህ ዓይነቱ መኪና የዘይቱ ኀይል ቢጠፋ እንኳ መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ብረት አይቋረጥም። መሪው ይከብዳል እንጂ አይሞትም። ሆኖም ሠሪው ሲነድፈው የዘይቱን እርዳታ ቆጥሮ ነውና፣ እርዳታው በኩርባ መካከል ሲቋረጥ ለአንድ አረጋዊ ክንድ የቀረው ጊዜ የሰኮንድ ክፋይ ብቻ ነው።

እንግዲህ ያ ዘይት ምን ይሠራ ነበር? በዘይት ግፊት መሪን የማገዝ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፍራንሲስ ዴቪስ በተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ተፈትኖ፣ በቤት መኪና ላይ ለገበያ የቀረበው ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1951 ኢምፔሪያል በተባለው ሞዴሉ ላይ ባዋለው ጊዜ ነው። ከሞተሩ በቺንጋ የሚዞር ፖምፓ፣ በውስጡ ስስ ክንፎች ያሉት፣ ዘይቱን ይገፋዋል፤ መሪው ሲጠመዘዝ የምትከፈት ቫልቭ ዘይቱን ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ክፍል ትልከዋለች። ግፊቱ እንደ መኪናው ዓይነት 70፣ 80፣ አንዳንዴም 100 ባርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ስለሆነም ይህ ዘይት ኀይል አስተላላፊ ብቻ አይደለም። የፖምፓው ክንፎች ብረት በብረት ላይ ሲንሸራተቱ የሚያለሰልሳቸው እርሱ ነው፤ ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወስደው፣ ጎሚኒዎቹን ሳያደርቅ ሳያሳብጥ የሚጠብቃቸውም እርሱ ነው። እኔ በመደርደሪያው ፊት የፓስካልን ሕግ ሳስታውስ ያስታወስሁት ከሥራዎቹ አንዱን ብቻ ነበር።

ስለ ሙቀቱ ትንሽ ስሌት እንሥራ። መሪው እስከ ጫፍ ተጠምዝዞ ሲያዝ ፖምፓው መግፋቱን አያቆምም፤ ዘይቱ በማስተንፈሻው ቫልቭ በኩል ወደ መጣበት ይመለሳል፤ የተሠራው ሥራ ሁሉ ሙቀት ይሆናል። ግፊቱን 80 ባር፣ ፍሰቱን በደቂቃ 8 ሊትር ብናደርገው ኀይሉ ከአንድ ኪሎ ዋት ትንሽ ይበልጣል፤ ይህም አንድ የልብስ ካውያ በአንድ ሊትር ዘይት ውስጥ እንደ መንከር ነው። ሙቀቱ ወደ ብረቱ ባይተላለፍ ኖሮ በ10 ሰኮንድ ውስጥ ዘይቱ 5 ወይም 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጨምር ነበር። በጠባብ ቦታ መኪና ሲያቆሙ መሪውን እስከ ጫፍ ጠምዝዘው የሚያወጉ ሾፌሮች ይህን ቢያውቁት መልካም ነው።

የፍሬን ዘይት በግላይኮል ላይ የተመሠረተ ፈሳሽ ነው። ለፍሬኑ ሲሊንደር ተብሎ የተሠራ ጎማ ይስማማዋል፤ ለመሪ የሚሠራው ጎሚኒ ግን በአብዛኛው ናይትራይል የሚባለው፣ ለማዕድን ዘይት የተዘጋጀ ጎማ ነው። ናይትራይል በፍሬን ዘይት ሲነከር ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻም እንደ ሸክላ ጭቃ ይላላል። ማቃሰቱ ጋብ ያለው መጠኑ ስለ ሞላና ጎሚኒው ስላበጠ ነበር እንጂ ስለ ዳነ አልነበረም። በአንጻሩ የማዕድን ዘይት ወደ ፍሬን ቢገባ የዚያኛውን ጎማ እንዲሁ ያሳብጠዋል፤ ጥፋቱም ከመሪው የባሰ ነው። በመሪ ቤት ውስጥ የፍሬን ዘይት የገባበት መኪና በማጠብ ብቻ አይድንም፤ ጎማ የሆነው ሁሉ መለወጥ አለበት። ይህን የምለው የከፈልሁበት ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንለፍ። ለአሮጌ መኪናዎች ከሚሠሩት የመሪ ዘይቶች እጅግ የተስፋፋው የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። የዘር ሐረጉ ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1949 ታይፕ ኤ ብሎ ካወጣው መመዘኛ ይጀምራል፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ ዴክስሮን፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዴክስሮን 2፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዴክስሮን 3፣ በ2005 ዴክስሮን 6 ተከተሉ። በመካከሉ አንድ የሚያስገርም ታሪክ አለ። በቀድሞዎቹ ዘይቶች ውስጥ ሰበቃን ለማስተካከል ከዓሣ ነባሪ የተወሰደ ቅባት ይጨመር ነበር፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ እንስሳውን ለማዳን ይህን ስትከለክል የዘይት ኬሚስቶች በግድ ሌላ ቅመም ፈለጉ። የዓሣ ነባሪ ዕጣና የእኛ የካምቢዮ ዘይት እንዲህ የተሳሰሩ መሆናቸውን እኔ በተማሪነቴ የነገረኝ የለም።

ፎርድ በበኩሉ ታይፕ ኤፍ የተባለ ሌላ ዘይት ነበረው። በዴክስሮንና በእርሱ መካከል ያለው ዋና ልዩነት በካምቢዮው ውስጥ ያሉት ፍሪሲዮኖች ሲያያዙ የሚኖረው የሰበቃ ጠባይ ነው። በመሪ ውስጥ ግን ፍሪሲዮን የለም። ስለዚህ ለካምቢዮ ከባድ የሆነው ይህ ልዩነት በመሪ ላይ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ለመሪ የሚያሳስበው የዘይቱ ውፍረት፣ የጎሚኒው መስማማትና ብረትን ከመበላት የሚጠብቀው ቅመም ነው። በአንድ ወቅት የተሠሩ ልዩ ልዩ መኪናዎች መጻሕፍት ለመሪ ያንኑ የካምቢዮ ዘይት የሚያዝዙት ከዚህ የተነሣ ነው። የአባቴ መርሴዲስ ከእነዚህ ወገን ናት። በአገራችን የሞሉት የዚያ ዘመን ቶዮታዎችም እንዲሁ፤ መጽሐፎቻቸው ዴክስሮን 2 ወይም 3 ይላሉ።

እዚህ ላይ ገበያውን የሚነካ ነገር አለ። ጄኔራል ሞተርስ ለዴክስሮን 3 ይሰጥ የነበረውን ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ አቁሟል። ስለሆነም ዛሬ በጠርሙስ ላይ ዴክስሮን 3 የሚል ጽሑፍ ቢታይ፣ ይህ የሻጩ ወይም የዘይት አምራቹ ቃል ነው እንጂ የመመዘኛው ባለቤት ማረጋገጫ አይደለም። ይህን ስል ጠርሙሱ ሁሉ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም፤ መልካም ስም ያላቸው አምራቾች እስከ ዛሬ በጥሩ ሁኔታ ይሠሩታል። ነገር ግን ማኅተሙ ራሱ የማይመሰክር ከሆነ የአምራቹ ስምና የገዛንበት ሱቅ መታመን አለባቸው። በውሃ ፕላስቲክ ተቀድቶ፣ ያለ አንዳች ጽሑፍ፣ «ቀይ ዘይት» ተብሎ የሚሸጠውን ግን እኔ ለጠላቴ መኪናም አልገዛም።

«ቀይ» የሚለው ቃል ደግሞ የብዙ ስሕተት ምንጭ ነው። ቀለሙ በዘይቱ ላይ የተጨመረ ማቅለሚያ ነው፤ ሲፈስ ከሞተር ዘይት እንዲለይ ይረዳል እንጂ የዘይቱን ጠባይ አይናገርም። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ የፈረንሳዩ ሲትሮኤን ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣችው ዲ.ኤስ. መሪዋም፣ ፍሬኗም፣ መንሳፈፊያዋም በአንድ ፈሳሽ የሚሠሩ ነበረች። የመጀመሪያው ፈሳሽ ከፍሬን ዘይት ወገን የሆነ፣ ውሃ ከአየር የሚስብ ነበር፤ ኤል.ኤች.ኤስ. የተባለውም ቀይ ነበር። ከ1966 ጀምሮ በአረንጓዴ የማዕድን ዘይት፣ በኤል.ኤች.ኤም.፣ ተተካ። ሁለቱ አንዱ የሌላውን ጎማ ያጠፋልና ፋብሪካው የአዲሶቹን መኪናዎች ክፍሎች አረንጓዴ ቀለም ቀባቸው፤ የአሮጌዎቹ ጥቁር ነበሩ። እንግዲህ ቀይ በአንዱ መኪና የማዕድን ዘይት ነው፤ በሌላው የግላይኮል ፈሳሽ ነው።

አረንጓዴውም ቢሆን አንድ አይደለም። በኋለኞቹ የጀርመን መኪናዎች የሚገባው፣ ሲ.ኤች.ኤፍ. 11 ኤስ የሚባለው ሰው ሠራሽ ዘይት እንደ ሲትሮኤኑ አረንጓዴ ነው፤ ሥሪቱ ግን ሌላ ነው። ይህ ዘይት ቀጭን ነው። በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ቪስኮሲቲው ከ20 ሴንቲስቶክስ በታች ሲሆን የዴክስሮን 3 ወደ 35 ይጠጋል፤ በ100 ዲግሪ ላይ ግን 6 እና 7 አካባቢ ሆነው ይቀራረባሉ። ቀጭን የተደረገው በአውሮፓ ክረምት በብርድ እንዳይረጋ ነው። ሆንዳ ደግሞ የራሱን የመሪ ዘይት ያዝዛል፤ ሌላ እንዳይገባ በመጽሐፉ ያስጠነቅቃል። እንዲህ ያለውን ማስጠንቀቂያ የንግድ ዘዴ ነው ብሎ መናቅ ቀላል ነው። እኔ ግን የጎሚኒውን ቅመም የሚያውቀው የሠራው ነውና ቃሉን እቀበላለሁ።

ብዙ ጊዜ በየጋራዡ፣ «አገራችን ሞቃት ስለሆነ ወፍራም ዘይት ይሻላል» ሲባል ትሰማላችሁ። በዚህ ምክንያት የሞተር ዘይት በመሪ ዕቃ ውስጥ የሚጨምሩ አሉ። ይህ ከልብ የመነጨ ነገር ቢሆንም ትክክል አይደለም። ፖምፓው ዘይቱን ወደ ራሱ የሚስበው በከባቢው አየር ግፊት እርዳታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በጧቱ ብርድ ወፍራም ዘይት በጠባብ ቱቦ ሲሳብ ባዶ አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋው በግፊቱ ክፍል ውስጥ ሲፈነዳ የፖምፓውን ብረት ይቦረቡራል። ጧት ጧት የሚሰማው ማቃሰት አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው። ለወፍራሙ ዘይት የሚከራከር ሰው ፖምፓ ከፍቶ ክንፎቹን ቢያይ ሐሳቡን የሚለውጥ ይመስለኛል።

መጽሐፉ የጠፋ መኪና የያዘ ሰው ምን ያድርግ? አስቀድሞ የዘይት ዕቃውን ክዳን በጨርቅ ይጥረግ። ብዙዎቹ ክዳኖች የሚገባባቸውን ዘይት ስም ተጽፎባቸው ሳለ ለዓመታት በአቧራና በቅባት ተሸፍነው ይኖራሉ። ከክዳኑ ምንም ካልተገኘ ያን ሞዴል ከሚያውቅ ባለሙያ ወይም ያው ዓይነት መኪና ካለው ሰው መጽሐፍ ይጠይቅ፤ ሶማሌ ተራ አካባቢ ከሚሸጡ አሮጌ ዕቃዎች ጋር የአገልግሎት መጽሐፍ ተጥሎ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ እኔ ሁለት አግኝቻለሁ።

ቀጥሎም በውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ቤተ ሙከራ አያሻም። ከዕቃው በስሪንጋ ጥቂት ዘይት ቀድቶ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ መጨመርና መበጥበጥ ነው። የማዕድን ዘይት ተመልሶ ከላይ ይንሳፈፋል፤ የፍሬን ዘይት ግን ከውሃው ጋር ተዋሕዶ ይጠፋል። በነጭ ወረቀት ላይ የተንጠባጠበው ቀለሙን ያሳያል፤ የተቃጠለ ሽታ ካለውም አፍንጫ ይለየዋል። ይህ ፈተና ዴክስሮንን ከሰው ሠራሹ አረንጓዴ ዘይት አይለይም፤ በእኔ ላይ የደረሰውን ግን አስቀድሞ ይገልጠው ነበር። ዋጋው የአንድ ብርጭቆ ውሃ ነው።

የገባው ዘይት ከትክክለኛው ወገን ሆኖ ብቻ ካረጀ ማጠብ ይበቃል። የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ይነሣሉ፤ የመመለሻው ቱቦ ከዕቃው ተነቅሎ ወደ ጠርሙስ ይደረጋል፤ የዕቃው ቀዳዳ ይደፈናል፤ አንድ ሰው ሞተሩን አስነሥቶ መሪውን ከጫፍ ጫፍ በዝግታ ሲያዞር ሌላው ዕቃው ሳይጎድል አዲስ ዘይት ይጨምራል። ንጹሕ ዘይት እስኪመጣ ነው። ፖምፓው ለአፍታ እንኳ ደረቁን መዞር የለበትም። እንደ 123ቷ ማጣሪያ በዕቃው ውስጥ ያላቸው መኪናዎች ማጣሪያው ካልተለወጠ ድካሙ ግማሹ ከንቱ ነው።

ስለ ማፍሰስ ማቆሚያ ፈሳሾች ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ሥራቸው ጎሚኒውን በመጠኑ ማሳበጥ ነው። ጎሚኒው ደርቆ ጠንክሮ ከሆነ ለጥቂት ጊዜ ይረዳሉ። ዘንጉ ተበልቶ ቦይ ካወጣ ግን የሚያደርጉት ነገር የለም። ነገ እንጀራውን በመኪናው የሚፈልግ ሰው ቢጨምር አልቆጣውም፤ ሆኖም በሸለቆ መንገድ እንዳይሄድበት እለምነዋለሁ። «ለሁሉም መኪና» የሚሉትን ጠርሙሶች በተመለከተ ደግሞ ጀርባቸውን ማንበብ ነው፤ የሚተኩትን መመዘኛ በስም ከዘረዘሩና የእኛ ከተገኘበት ጥሩ፤ ባዶ ውዳሴ ብቻ ከሆነ ይመለስ። በአዳዲሶቹ መኪናዎች መሪውን የሚያግዘው የኤሌክትሪክ ሞተር ስለሆነ ዘይቱም ዕቃውም የላቸውም፤ ፈልጎ ያጣ ሰው አይደንግጥ።

የአባቴ መኪና ከደጀን በተጎታች ተመልሳ ለሁለት ወር ቆመች። ፖምፓውን የከፈትሁት እኔ ነኝ። ጎሚኒዎቹ በጣቴ ሲጫኑ እንደ ሙጫ ይጣበቁ ነበር፤ የክንፎቹ ጫፍ ተበልቷል። ፖምፓው ተለወጠ፤ የመሪው ሣጥን ተፈትቶ ጎሚኒው በሙሉ ታደሰ፤ ቱቦዎቹ ተቀየሩ። የወጣው ገንዘብ ከሦስት ወር ደመወዜ በላይ ነበር። ሥራው ሲያልቅ እውነቱን ለአባቴ ነገርኋቸው። «ባዶውን ቆርቆሮ ያኔውኑ አይቼው ነበር፤ እስክትነግረኝ ጠበቅሁ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አንሥተው አያውቁም። መኪናዋ ዛሬም ትሠራለች፤ በዕቃዋ ክዳን ላይ በነጭ ቀለም «የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ብቻ» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ ጽሑፉ በደበዘዘ ቁጥር አድሰዋለሁ።

ንግግሬን ከመጨረሴ በፊት ከዚህ ጠረጴዛ ላይ ያሉትን ሦስት ብርጭቆዎች እንድትመለከቱ እጋብዛችኋለሁ። በእያንዳንዱ ውሃ አለ፤ በአንዱ ዴክስሮን፣ በሌላው የፍሬን ዘይት ጨምሬአለሁ። ሦስተኛው ዛሬ ጧት ከዚህ ግቢ ከቆመ ከአንድ አባላችን መኪና፣ በባለቤቱ ፈቃድ፣ የተቀዳ ነው። ውሃው ወተት መስሏል። ባለቤቱ ከስብሰባው በኋላ ቢያነጋግሩኝና መኪናቸውን ዛሬ እዚሁ ቢያሳድሩት ደስ ይለኛል።